የሃያ ስምንት ቀን መርፌ

እህቴ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ሲያማት «ጉንፋን ነው፣ ይለቃታል» ተባለ። ሳይታከም ቆየና ልቧን ነካው። «ይለቃታል» ያሉትን ሁሉ እስካሁን ይቅር አላልኩም፤ አንዱ እኔ ነበርኩ። ልቧ ዳግም እንዳይጎዳ በየሃያ ስምንት ቀኑ ፔኒሲሊን ትወጋለች።

ዛሬ ሠላሳ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ስፌት ቤቷ ገብቼ ከስፌት መኪናዋ ላይ አስነሣኋት።

«አልሄድም! የድሮዋ ሲስተር መርፌውን በመዳፏ እያሸች፣ ወሬ እየጠረቀች ታሞቀው ነበር። አዲሱ ልጅ ከፍሪጅ እንዳወጣው ይሰካዋል። ሦስት ቀን አነከስኩ። በምን እግሬ ፔዳል ልርገጥ?»

«ልብሽ ከሚቆም ዳሌሽን ቢያምሽ ይሻላል!»

«ያንተ ዳሌ ስላልሆነ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

አሸነፈችኝ። ስሸነፍ ደግሞ የምጣላው ሰው እፈልጋለሁ። እየጎተትኩ ክሊኒክ ወሰድኳት።

አዲሱ ነርስ የተሞላውን መርፌ ከፍሪጅ ሲያወጣ «ሳታሞቀው አትወጋትም!» ብዬ ጮኽኩ።

«ልክ ነዎት ጋሼ፣ መሞቅ ነበረበት። ግን ሰልፉን አዩት? ብቻዬን ነኝ። እንደ ዶሮ ልታቀፈው?»

«ለዚህ ሁሉ በሽተኛ አንድ ሰው የመደበው ማነው?»

«ሲያገኙት ለእኔም ይጩኹልኝ።»

እህቴ ሳቀች። «ለእሱ ስጠው። ሲናደድ እጁ እሳት ነው።»

ነርሱ ትንሽ አመነታና ሰጠኝ። «ክዳኑን እንዳይነኩ። በቀስታ ያንከባልሉት።»

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ማንከባለል ጀመርኩ። እሷ አጠገቤ ሆና ታቀጣጥለኛለች፤ «የትምህርት ቤታችሁ ርዕሰ መምህር ስለ ፈተናው ያለህን ንገረኝ እስቲ።» ነገርኳት። «የመማሪያ መጽሐፉ ስሕተትስ?» እሱንም ነገርኳት። ተሰላፊዎቹ ጆሯቸውን ሰጡኝ፤ አንዲት እናት «በርቱ!» አሉ። ነርሱ በዚህ መሐል ሦስት ሰው አስተናገደ።

መጥቶ መርፌውን ዳሰሰው። «ለብ ብሏል።» ከመጋረጃው ጀርባ አስተኛትና ቀስ ብሎ ወጋት። እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘች።

ስትነሣ በአንድ እግሯ ቆማ ሞከረችው።

«አመመሽ?»

«አመመኝ። ግን ፔዳል ይረግጣል።»

ነርሱ ካርዷ ላይ ቀጠሮ እየጻፈ «የዛሬ ሃያ ስምንት ቀን ማክሰኞ ይውላል። ትመጫለሽ?» አላት።

ማክሰኞ ሙሉ ቀን አስተምራለሁ፤ ዛሬም የመጣሁት አስፈቅጄ ነው።

«እንመጣለን» አለችው፣ እኔን ሳትጠይቅ።