ካሹ ትልቅ የሆነው ላፕቶፕ

መምህርት ሰገነትን የብቸና ከተማ ሰው የሚያውቃት በእንቢታዋ ነው። ሒሳብ ታስተምራለች፤ የትምህርት ቤቱን የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚያወጣውን ሶፍትዌር የጻፈችውም እሷው ናት። ሶፍትዌሩ መምህራንና ክፍሎች ሳይጋጩ እስኪገጥሙ ድረስ ያንኑ ሠንጠረዥ እልፍ ጊዜ ያገላብጣል። ታዲያ በቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር አንዲት ለውጥ ለማስገባት ቀኑ ሙሉ ይፈጃል። ለዚህም ነው ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰችው መምህርት ይርጋነሽ ልጇን የምታጠባበት ክፍት ሰዓት ስትለምን ምክትል ርእሰ መምህሩ አቶ ስጦታው፣ "ድልድሉ አልቋል፤ አይነካም" ያሏት። ይርጋነሽ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ሰገነት ግን ነገሩን አልተወችውም። ለድልድሉ አንድ፣ ለጸሐፊዋ አንድ ላፕቶፕ እንዲገዛ እስኪወሰን ድረስ ቢሮውን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችው፤ ሲወሰንም መራጭ ሆና ከአቶ ስጦታው ጋር ሞጣ ወረደች።

ሚኒባሱ ውስጥ፣ "ለድልድሉ ካሹ ትልቅ የሆነውን ነው የምንገዛው" አለቻቸው።

"ካሽማ መቼ ተረፈን" አሉ አቶ ስጦታው።

"ገንዘቡን አይደለም ጋሼ። ፕሮሰሰሩ እቅፉ ውስጥ የሚይዛት ትንሽ ሚሞሪ ናት፣ ካሽ የሚሏት። እርስዎ ሲያስተምሩ ጠመኔ ባለቀብዎ ቁጥር ቢሮ ይመላለሱ ነበር? ኪስዎ ይይዙ ነበር እንጂ። ካሽ ማለት ያ ኪስ ነው።"

አቶ ስጦታው በመስኮቱ የጤፍ ማሳውን ማየት ቀጠሉ።

ሞጣ ሲደርሱ የኮምፒውተር ባለ ሱቁ ባንተአምላክ ሁለት ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። በሌላው ሁሉ መንትያ ናቸው፤ የአንደኛው ካሽ ግን ሰፋ ይላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

"እህቴ፣ ካሽ የወረቀት ላይ ወሬ ነው" አለ። "በዋጋው ልዩነት ስክሪኑ የሚያምር ልስጥሽ።"

አቶ ስጦታው ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ። ሰገነት ሶፍትዌሩ ያለበትን ፍላሽ ከቦርሳዋ አወጣች።

"ልፈትናቸው።"

"በእኔ ዕቃ የሰው ፍላሽ አይሰካም። ቫይረስ ቢኖርበትስ?"

"መርምረው። ሳልፈትን አልገዛም።" ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ተይ እንጂ፣ በሰው አገር አታሳፍሪኝ" አሉ አቶ ስጦታው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"የሚያሳፍረው ሳያዩ መግዛት ነው ጋሼ። በቅሎ ሲገዙስ ጥርሷን ያዩ የለም?"

ሌሎች ገበያተኞች ገብተው ወጡ። እሷ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ባንተአምላክ ተነፈሰና ፍላሹን መርምሮ በየተራ ሰካላት፤ እሷም ሶፍትዌሩን ወደ ሁለቱም ገለበጠች። ሶፍትዌሩ በሁለቱም ላይ ባንድ ጊዜ ተነሣ። ካሹ ሰፊ የሆነው ድልድሉን ጨርሶ ሲያቆም ሌላው ገና ግማሽ መንገድ ላይ እያጓራ ነበር።

"አጋጣሚ ይሆናል" አለ ባንተአምላክ።

ደገመችው፤ ያው ሆነ። አሁን አቶ ስጦታው ፊታቸው ፈካ። "በቃ፣ ለጸሐፊዋም ይኸው ይሁን።"

ባለ ሱቁ ካርቶን ሊያወርድ ተነሣ።

"አይሆንም" አለች ሰገነት። ረጅም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በሁለቱም ላይ ከፍታ እየጻፈች አሳየቻቸው። አንዱ ከሌላው አልፈጠነም። "ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ትልቅ ካሽ ምን ያደርግለታል? ለሷ ርካሹ ይበቃታል።"

"ቅድም ይጠቅማል ብለሽ ተሟገትሽ፣ አሁን አይጠቅምም ትያለሽ" አለ ባንተአምላክ። "ኧረ አንቺስ የሚያሸንፍሽም የለ።"

"ሥራው ነው የሚወስነው። እኔ አላጋነንኩ፣ አንተም አታጣጥል።"

ሁለቱን ላፕቶፖች፣ ውዱንም ርካሹንም፣ ይዘው ተመለሱ። ሰኞ ጠዋት ሰገነት የይርጋነሽን ክፍት ሰዓት አስገብታ ሶፍትዌሩን አስነሣችው። የአቶ ስጦታው ሻይ ሳይቀዘቅዝ አዲሱ ድልድል ወጣ፤ ክፍለ ጊዜው የተጋጨበት መምህርም አልነበረም። ይርጋነሽ አንብባው የሰገነትን እጅ ጨበጥ አደረገችና ወደ ልጇ ሄደች።

አቶ ስጦታው ወደ በረንዳው አዩ። ወሬው ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ሦስት አራት መምህራን ቆመዋል።

"ይኸው እንግዲህ፣ ሁሉም ድልድሌን ለውጡልኝ ሊል ነው" አሉ።

"ይበል" አለች ሰገነት፤ ፊት የቆመውንም ግባ አለችው።