የጎበጡት ስቲኮች

ግዛቸው ስቲኩን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አስተኝቶ በመዳፉ ገፋው። ቀጥ ያለ የፑል ስቲክ ጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል ድምፅ የለውም። ይኼኛው ግን ወገቡ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ቀጭኑ ጫፍ ጨርቁን መታ መታ እያደረገ ሄደ።

«ይኼም ጎበጠ» አለ።

ሽርካው ሰሚር መስኮት እየከፈተ ነበር። ዞር ብሎ አየው። «ዝናቡ ነዋ። እርጥበት ያገኘው እንጨት መጣመሙ አይቀርም። ግድግዳው ራሱ አልቦታል፣ ንካው እስኪ።»

«አምናም ዘንቧል።»

ሰሚር ዝም አለ። ግዛቸው የዚያን ዕለት ዝምታውን ልብ አለው። ከዚያ በኋላ ስለ ሰሚር ብዙ ነገር ልብ ማለት ጀመረ።

ፑል ቤቱ አሰላ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከአንድ የቀለም መሸጫ በላይ ፎቅ ላይ ነው። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ግዛቸው ስንዴ ከሚጭን አይሱዙ ላይ ሾፌርነቱን ትቶ፣ ሰሚር ከአባቱ ሱቅ ወጥቶ፣ ያላቸውን አዋጥተው ሁለት ጠረጴዛ ከአዲስ አበባ አስመጡ። ጠዋት ግዛቸው ይከፍታል፤ ማታ ሰሚር ይቆልፋል። በዚህ ተጣልተው አያውቁም።

ግዛቸው ከአምናው ክረምት ወዲህ በከተማው የታወቀው በመጀመሪያው ምት ነው። ኳሶቹ በሦስት ማዕዘን ተሰብስበው ሲቀመጡ እሱ ካልበተናቸው ተመልካች ቅር ይለዋል። ሲመታ ታች ያሉት የሚኒባስ ረዳቶች ቀና ይላሉ። የራሱ ጥሩ ስቲክ አለው፤ ለመበተን ግን አይነካውም። ለዚያ ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት የቤቱ ስቲኮች አንዱን ያነሳል። ሰሚር ደግሞ ሲበትን ድምፁ እምብዛም አይሰማም፤ ኳሶቹ ግን ይበታተናሉ።

«ጉልበቱን ቀንሰው» ብሎት ነበር ሰሚር አንድ ጊዜ። «ክንድህ ብቻውን ይበቃል፤ ሰውነትህን አትጨምርበት።»

«አንተማ በሽተኛ የምትቀሰቅስ ነው የምትመስለው» ብሎ ሳቀበት ግዛቸው። ተመልካቹም አብሮ ሳቀ። ሰሚር ያንን ነገር ደግሞ አላነሳም።

ክረምቱ አለፈ። መስከረም ጠብቶ የጭላሎ ተራራ ጉሙን ገፈፈ፣ ግድግዳውም ደረቀ። ስቲኮቹ ግን መጉበጣቸውን አላቆሙም። እንግዲህ ዝናብ ነው የሚባልበት ጊዜ አብቅቷል። ግዛቸው ጠዋት ጠዋት ብቻውን ሲገባ አንድ በአንድ እያንከባለለ ያያቸዋል። የጎበጠውን ባገኘ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፤ ትናንት ማታ የቆለፈው ማነው? መልሱን ደግሞ ያውቀዋል።

እንደሻው የሚባል፣ ከጎረቤቷ ከተማ ከኢተያ የሆነ ሰው በዚያ ሰሞን አሰላ ይመላለስ ጀመር። ኮምባይነር የሚያከራይ ነው፤ ኢተያ ዋናው መንገድ ዳር ፑል ቤት ሊከፍት ነው ይባላል። አንድ ከሰዓት ግዛቸው ከባንክ ሲመለስ እንደሻውና ሰሚር ጭማቂ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው አያቸው። ሰሚር ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር ያሳየዋል። ግዛቸው ሲጠጋ ስልኩ ኪስ ገባ።

«አካም ኦልቴ፣ ግዛቸው» አለ እንደሻው ብድግ ብሎ። «በእሑዱ ግጥሚያ ላይ እየተነጋገርን ነበር። የኛን ልጆች ይዤ እመጣለሁ።»

«በሰላም ና» አለው። ስለ ስልኩ ግን ለመጠየቅ አፉ አልታዘዘለትም።

ማታ እቤቱ ሲያስበው ነገሩ ሁሉ ገጠመለት። ሰሚር ኢተያ ሊሄድ ነው። ሲሄድ ደግሞ አሰላ ላይ ደህና ስቲክ ያለው ቤት እንዲቀር አይፈልግም። ደንበኛ ጎባጣ እንጨት ጠልቶ እግሩን ሲያሳጥር፣ ያኔ ማን ያሸንፋል? ግዛቸው ይህን እያሰበ ራሱን ታዘበው። የሰሚርን ልጆች በስም እየጠራ ያሳደገ ሰው ነው። ሆኖም ሐሳቡን መተው አልቻለም። በማግስቱ የራሱን ስቲክ ከፑል ቤቱ አውጥቶ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ደበቀው።

ጥርጣሬውን ያጸናለት አንድ ቀን ቀትር ላይ ያየው ነገር ነው። ለምሳ ወጥቶ ነበር፤ ቦርሳውን ረስቶ ተመለሰ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሰሚር የሻይ ማንቆርቆሪያውን ምድጃ ላይ ጥዶ፣ ከማንቆርቆሪያው አፍ በሚወጣው እንፋሎት ላይ አንድ ስቲክ ያገላብጣል። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ይዞ ጉልበቱ ላይ በቀስታ ተጫነው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ርዝመቱን አየ፤ እንደገና ወደ እንፋሎቱ መለሰው።

ግዛቸው ቦርሳውን ሳይወስድ ደረጃውን ወረደ። ከሁሉ የከበደው ሰሚር ያን ሥራ የሚሠራበት እርጋታ ነው።

ግጥሚያው ሁለት ቀን ሲቀረው የራሱ ስቲክ ጫፍ ላይ ያለችው ቆዳ ተላቀቀች። በከተማው ያንን በደንብ የሚለጥፍ ሰሚር ብቻ ነው። ሳይወድ ሰጠው። ሰሚር አንድ ሌሊት አሳድሮ መለሰለት፣ ግዛቸውም ተቀብሎ ደጋግሞ አንከባለለው። ቀጥ ያለ ነው። ቢሆንም ልቡ አላረፈም።

እሑድ ከሰዓት ፑል ቤቱ ጢም አለ። ከኢተያ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው መጣ። የግዛቸው እህት ኤፍራታ፣ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት፣ ከጠረጴዛው ጎን ቆማ በስልኳ ትቀርጻለች። በመጀመሪያው ጨዋታ የሚበትነው ግዛቸው ነው። እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው እጁን ሰደደ፤ ከዚያ ሰበሰበው። ከዚያ ግድግዳ ላይ ካለ እንጨት አንዱንም አላመነም። በራሱ ስቲክ ለመበተን ጎንበስ አለ።

ሲመታ የተሰማው የኳስ ድምፅ አልነበረም። ስቲኩ ከወገቡ ከፍ ብሎ ተሰበረ፣ ነጯ ኳስ ዘልላ ወለል ላይ ወደቀች፣ የእንጨቱ ስንጣሪ ግራ መዳፉ ውስጥ ገባ። ግዛቸው የሚደማውን እጁን ትቶ ስብራቱን ተመለከተ። ከዚያ ሰሚርን አየው።

«ምን አድርገህ ነው የመለስክልኝ?»

«ጫፉን ለጠፍኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

«ስታለሰልስ አይቼሃለሁ። እንፋሎት ላይ ይዘህ ጉልበትህ ላይ ስትጫነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ዝናቡ ነው ትለኛለህ። ሰውየው ኢተያ ቤት ሲከፍትልህ እኔ በጎባጣ እንጨት ልቀር።»

ሰሚር ፊቱ ተለዋወጠ። ድምፁን ግን አላነሳም። «ካየህ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ምን ልትለኝ?»

«ያኔ ብትጠይቀኝ የምነግርህ ነበረኝ» አለ ሰሚር። ከኪሱ የበሩን ቁልፍ አውጥቶ ጨርቁ ላይ አኖረው። «ከእንግዲህ አንተው ቆልፍ።» በሰዎቹ መሀል አልፎ ደረጃውን ወረደ። ጥቂት ቆይቶ እንደሻውም ልጆቹን ሰብስቦ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ «በሰው ፊት እንዲህ አይደረግም» አለው።

ኤፍራታ ወንድሟን ቤቱ ወስዳ እጁን ብርሃን አጠገብ ዘረጋችው። ስንጣሪውን በመቆንጠጫ አወጣች። ጠቅልላ ስትጨርስ ስልኳን ፊቱ አስቀመጠች።

«እየው።»

«ነበርኩበት እኮ።»

«አልነበርክበትም። እየው።»

ቪዲዮውን አዘግይታ ከፈተችው። ግዛቸው ራሱን አየ። ስቲኩ ገና ኳሷን ሳይነካ ሰውነቱ ብድግ ይላል፣ ቀኝ ክርኑ ወደ ታች ይወድቃል፣ የስቲኩ ጫፍ ነጯን ኳስ መትቶ ወደፊት በመሄድ ፈንታ ጨርቁ ላይ ይተከላል። ክብደቱ በሙሉ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። እንጨቱ እንደ ደጋን ተለመጠ፣ ከዚያ ተሰበረ።

«አንድ ጊዜ እንደዚህ ሆኖ ይሆናል» አለ።

ኤፍራታ ሌላ ከፈተች። ይኼ በጥቅምት የተቀረጸ ነው፤ በቤቱ ስቲክ ነው የመታው። አልተሰበረም፤ ግን ልክ እንደዚያው ተለመጠ። ሌላም ከፈተች። ያው ነው። ሰው ሁሉ ኳሶቹን ሲያይ፣ እሱም ኳሶቹን ሲያይ፣ እንጨቱን ያየው አልነበረም።

«ይኼን ሁሉ ለምን ቀረጽሽ?»

«ሰሚር ለምኖኝ ነው። ‹ብነግረው ሳቀብኝ፣ በዓይኑ ካየው ይቀበላል› አለኝ። ለእንደሻው እንኳን አሳይቶት ነበር፤ የኢተያ ልጆችም እንዲህ ይመታሉና መላ ካለው ሊጠይቀው። ላንተ ግን ከግጥሚያው በፊት ማሳየት አልፈለገም። ‹ልቡን እሰብረዋለሁ፣ ካለፈ በኋላ› አለ።»

«እንፋሎቱስ?»

«ሊያቃናቸው ነበር። እንጨት በእንፋሎት ሲለሰልስ ይቃናል ብሎ ሲሞክር ከረመ። አንዳንዱ ይቃናለታል፣ ጠዋት ጠዋት ስታንከባልል ደህና የምታገኘው እሱን ነው። አንዳንዱ እምቢ ይለዋል።»

ግዛቸው የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ያን ያህል ወር ማስረጃ ሲሰበስብ ነበር፤ ከሰበሰበው ውስጥ ሐሰት የሆነ ነገር የለም። እንፋሎቱም፣ ስልኩም፣ ዝምታውም እውነት ነበሩ። የጎደለው አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት።

በማግስቱ ሰሚር ቤት ሄደ። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆማ በትሕትና ተቀበለችው፤ ግባ ግን አላለችውም። «ኢተያ ሄዷል» አለች።

ግዛቸው ኢተያ ሲደርስ እንደሻው አዲሱን ቤት ገና እያስለሰነው ነበር። ሰሚር ውስጥ ቆሞ የጠረጴዛውን ቦታ ይለካል። ግዛቸው ሲገባ ሜትሩን አልጠቀለለውም።

«ቪዲዮውን አየሁት» አለ ግዛቸው።

«ደህና።»

«አጠፋሁ። በሰው ፊት የተናገርኩትን በሰው ፊት እመልሰዋለሁ። ና እንሂድ።»

ሰሚር ሜትሩን ወለሉ ላይ አኖረው። «እንደሻው ሦስት ጊዜ ጠይቆኝ እምቢ ብዬው ነበር» አለ። «እሺ ያልኩት ትናንት ነው። አንተ ከዚያ ከተናገርክ በኋላ።»

«አሁን እምቢ በለው።»

«ቂም ይዤብህ አይደለም፣ ግዛቸው። ግን ተመልሼ እገባለሁ፣ ማታ እቆልፋለሁ፣ ስቆልፍም ነገ ምን ጎብጦ ይገኝ ይሆን እላለሁ። አንተ ባትጠረጥረኝ እንኳን እኔ አንተን መጠርጠሬ አይቀርም። እንደዚያ ሆኖ አብሮ መሥራት ይከብዳል።»

ግዛቸው ሜትሩን ከወለሉ አንስቶ አቀበለው። ጥርጣሬ ወደ ሌላ ሰው እንደሚጋባ ከዚያ በፊት አስቦት አያውቅም።

ጠረጴዛዎቹን ተካፈሉ። አንዱን በአይሱዙ ጭነው ወደ ኢተያ ሲወስዱት ግዛቸው ራሱ በጎን ይዞ አወረደ፤ እጁ ገና በደንብ አልዳነም ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ደንበኞቹ ባሉበት ስለ ሰሚር የተናገረው ሐሰት መሆኑን ተናገረ። አንዳንዱ አደነቀው፣ አንዳንዱ ነገሩን ከነጭራሹ ረስቶት ነበር። መበተንም እንደ ጀማሪ መማር ጀመረ። ክርኑን ሳይጥል፣ ከቦታው ሳይነሳ፣ ስቲኩ ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ። ታች ያሉት ረዳቶች አሁን ቀና አይሉም።

ቤተሰቡን ይዞ ኢተያ የተዛወረው ሰሚር ለአረፋ ግዛቸውን ደውሎ ጠራው። ግዛቸው ኤፍራታን ይዞ ሄደ። ልጆቹ ዘለው አቀፉት፣ የሰሚር ባለቤት በዚህ ጊዜ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት። ስለ ስንዴው፣ ስለ ሮቤ መንገድ፣ ስለ ትንሿ ልጅ ጥርስ አወሩ። ከምሳ በኋላ ሰሚር እስከ ሚኒባሱ ሸኘው፤ መኪናው ሞልቶ እስኪነሳ ድረስም መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። ስለ ፑል አንዳቸውም አላነሱም።