አላርሙ ዝም ያለ ቀን

ሀፊዛ ከደብረ ብርሃን ወደ አልዩ አምባ ስትወርድ ለአንድ ሳምንት ነው ተብላ ነበር። ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላም ተተካ፤ የውሃ ጉድጓዱ ግን ገና ግማሽ ላይ ነው። ሥራዋ በቆላው ሙቀት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ላፕቶፕ ማየት ነው። በመቆፈሪያው ማሽን ላይ የተገጠሙት ሴንሰሮች መሰርሰሪያው ምን ያህል እየታገለ እንደሚዞር፣ ፍርፋሪ ድንጋዩን ጠርጎ እንዲያወጣ ወደ ጉድጓዱ ከሚላከው ጭቃ ውስጥም ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚወጣ ይነግሯታል። አንዱ ቁጥር ከተወሰነለት ገደብ ሲያልፍ አላርም ይጮኻል። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው።

በተግባር ግን አላርሙ የማይጮኽለት ነገር አልነበረም። አይሱዙ በአጠገቡ ሲያልፍ ይጮኻል። ጄኔሬተሩ ሲንተፋተፍ ይጮኻል። መሰርሰሪያው ከለስላሳ አፈር ወጥቶ ጥቁር ድንጋይ በነካ ቁጥር ጆሮ እስኪያደነቁር ይጮኻል። ያኔ ኦፕሬተሩ ማሽኑን ያቆማል፣ ሀፊዛ ትሮጣለች፣ ታያለች፣ ምንም የለም፣ ቁፋሮው ይቀጥላል። ሻይ ሳትጠጣ ደግሞ ይጮኻል።

ኦፕሬተሩ ኃይለ ገብርኤል የደነባ ሰው ነው። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ጉልምስናውን በሙሉ ያሳለፈው በቁፋሮ ነው፤ ከማሽኑ ድምፅ በላይ መናገር ስለለመደ ምሳ ሲበላም ይጮኻል።

«እኔ እምልሽ ልጄ፣ ይሄ ዕቃሽ ዘመድ ሞቶበታል እንዴ?»

«ጋሼ ኃይሌ፣ እኔ ምን ላድርግ? ገደቡን ያወጡት ቢሮ ያሉት ናቸው።»

«እንግዲያው እነሱ መጥተው ይስሙታ!»

ሀፊዛ ቢሮ ያሉትን ለምናለች። የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ ቃለ አብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል። ደብረ ብርሃን ሹራብ ለብሶ ተቀምጦ ስልኳን ሲያነሳ ድምፁ ራሱ ቀዝቃዛ ይመስላታል።

«ቃለ አብ፣ ገደቡ የተሠራው አረርቲ ሜዳ ላይ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች ነው። እኛ ያለነው ገደል ሥር ነው። ድንጋዩ ሌላ፣ ስንጥቁ ሌላ። እባክህ አስተካክለው።»

«ገብቶኛል። ግን ሳይጸድቅ አይነካም።»

«ማነው የሚያጸድቀው?»

«ኮሚቴው።»

«መቼ ይሰበሰባል?»

«ሰብሳቢው ስልጠና ላይ ነው።»

ስልኩን ዘግታ ፀሐይ ያፈላውን የላስቲክ ውሃ ተጎነጨች። በዚህ ላይ ደግሞ እትዬ ኩብራ አሉ፤ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሊቀመንበር። ጠዋት ጠዋት ጄሪካን ከያዙ ሴቶች ጋር ወደ ወንዝ ሲወርዱ በድንኳኑ በኩል ያልፋሉ።

«ዛሬስ ይወጣል?»

«ኢንሻአላህ፣ እትዬ ኩብራ።»

«እሱማ የአላህ ነው። የአንቺን ንገሪኝ።»

ሀፊዛ ወደ ላፕቶፗ ተመለሰች። ንዴቷን የምታወጣበት ስታጣ ለራሷ አንድ ነገር ሠራች። ፕሮግራሙ ሴንሰሮቹን የሚያየው አንድ በአንድ ነው፤ እሷ ግን የመሰርሰሪያውን ትግልና የሚመለሰውን ጭቃ በአንድ ገጽ ላይ እንደ ሁለት መስመር ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ቢያንስ አላርሙ በሐሰት ሲጮህ ቶሎ ለመለየት ይረዳታል ብላ ነው።

በማግስቱ አላርሙ አልጮኸም። ማሽኑ ሳይቆም አረፈደ። ኃይለ ገብርኤል እያንጎራጎረ ነው።

«ተመስገን! ዛሬ ልጅሽ ተኛልሽ» አላት በድንኳኑ በኩል ሲያልፍ።

ሀፊዛም መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ወደ ሁለቱ መስመሮች ስትመለስ ግን ደስታዋ ጠፋ። ተመልሶ የሚወጣው ጭቃ ቀስ እያለ ይቀንሳል። የመሰርሰሪያው ትግል ደግሞ ቀስ እያለ ይጨምራል። አንዳቸውም ገደባቸውን አላለፉም፤ ለዚህ ነው አላርሙ ዝም ያለው። አንድ ላይ ሲታዩ ግን ነገሩ ግልጽ ነበር። ጭቃው ስንጥቅ አግኝቶ እየሰረገ ነው፤ ፍርፋሪውን የሚያወጣው የለም፤ ፍርፋሪው መሰርሰሪያውን በያዘው የብረት ዘንግ ዙሪያ እየተከመረ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ዘንጉ እዚያው ይቀበራል፣ ጉድጓዱም አብሮ ይጠፋል።

ወደ ማሽኑ ሮጠች።

«ጋሼ ኃይሌ! ወደ ታች መግፋቱን ይተዉት! እያዞሩ ወደ ላይ ይሳቡት!»

«ምን ሆነ?»

«ጭቃው እየጠፋ ነው፤ ዘንጉ ሊያዝ ነው።»

ኃይለ ገብርኤል የአላርሙን መብራት አየ። አረንጓዴ ነው። ከዚያ እሷን አየ።

«ሲጮህ ‘ምንም የለም ይቀጥሉ’ ትይኛለሽ። ዝም ሲል ‘ያቁሙ’ ትይኛለሽ። እኔ ማንን ልስማ? አንቺን ነው ዕቃሽን?»

«እኔን!»

«ሂጂ ልጄ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

ለቃለ አብ ደወለች። «እኔ ጋ ሁሉም አረንጓዴ ነው» አላት። ልትሰድበው አፏን ከፍታ ተወችው፤ ለስድብም ጊዜ የለም። ተመልሳ ወደ ማሽኑ ወጣች፤ ሄልሜቷን አውልቃ እግሩ ሥር ወረወረችው።

«ጥሩ! ይቀጥሉ! ዘንጉ ሲቀር ግን ለእትዬ ኩብራ የሚነግሩት እርስዎ ነዎት። እኔ እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ሰልችቶኛል!»

ከሴት ልጅ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቶ አያውቅም መሰል፣ ሄልሜቱንና እሷን አፈራርቆ አየ። ከዚያ በንዴት ማንሻውን ያዘ። «ነጻ መሆኑን ላሳይሽና ጸጥ ትያለሽ!» ብሎ ዘንጉን ወደ ላይ ሳበው።

ዘንጉ ትንሽ ተነሳና ቆመ። ማሽኑ አቃሰተ፤ ምሰሶው ተንቀጠቀጠ። ይሄኔ አላርሙ ጮኸ።

«አሁን ነው የምትነግረኝ?» አለ ኃይለ ገብርኤል ለአላርሙ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም አልተጨቃጨቁም። እሱ ዘንጉን በኃይል አልጎተተውም፤ እያዞረ ዝቅ አደረገው፣ ከፍ አደረገው፣ ደግሞ ዝቅ አደረገው። እሷ ላፕቶፑን ታቅፋ ከአጠገቡ ቆማ መስመሩን ታነብለታለች። «ከበደ... ቀለለ... አሁን ይሳቡት።» ላቡ በዓይኑ እየገባ አንዴም ሳይጠርግ ሠራ። ዘንጉ በመጨረሻ ተላቀቀ፤ ክፍል በክፍል እየፈቱ ሁሉንም አወጡት። የመሰርሰሪያው ጫፍ በደረቀ ፍርፋሪ ተለስኖ ነበር። ኃይለ ገብርኤል በጥፍሩ ፋቀው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሄልሜቷን አነሳና አቧራውን አራግፎ ሰጣት።

«ነገ ሁለቱን መስመር ለእኔም አምጪልኝ» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ።

መመስገን ብሎ ነገር ግን የለም። ቃለ አብ ደውሎ ቁፋሮው ለምን እንደቆመ በጽሑፍ እንድታስረዳ ጠየቃት። እትዬ ኩብራ ወገባቸውን ይዘው መጡ። «ደግሞ ቆመ?» ሀፊዛ ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ዘንጉ አስረዳቻቸው። ጨርሰው ካዳመጡ በኋላ «እና መቼ ነው?» አሉ።

ስንጥቁን በወፍራም ጭቃ ደፈኑ፤ ያ የጉድጓዱ ክፍል እንዳይናድም የብረት ቧንቧ አስገቡበት። ቁፋሮው እንደገና ሲጀመር ሁለቱ መስመሮች ኦፕሬተሩ አጠገብ በተንጠለጠለ ታብሌት ላይ ነበሩ። አላርሙ ሲጮህ ኃይለ ገብርኤል መጀመሪያ እነሱን ያያል፤ ደህና ከሆኑ ይቀጥላል። የኮሚቴው ሰብሳቢም ከስልጠና ተመለሰ፤ ገደቡ ተስተካክሎ የጸደቀው ውሃው ጋ በደረሱ ማግስት ነው።

ውሃው መጀመሪያ እንደ ጭቃ ደፍርሶ ወጣ፣ ከዚያ እየጠራ ሄደ። ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ ኩብራ በእፍኛቸው ቀምሰው ጣዕሙን አጣጣሙ።

«አልሐምዱሊላህ። ትንሽ ብረት ብረት ይላል።»

«እትዬ ኩብራ!»

«አልኩ እንጂ ምን አልኩ? ይልቅ ነይ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል፤ ታጠቢ።»

ሀፊዛ ጫማዋን አወለቀችና ከነልብሷ የሚንዠቀዠቀው ውሃ ሥር ገባች።