የጋሽ ገዳሙ ፎቶ ያለበት ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ አልነሣም ያለው ዓርብ ጠዋት ነው፤ የጋሽ ገዳሙ አርባ ደግሞ እሑድ። ማብሪያውን ስጫነው መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ማጓራት ጀመረ፣ የፋብሪካው ምልክት ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ቀጥ አለ። አጠፋሁት፣ መልሼ አበራሁት። ያው ነው። እንደ ደነገጠ ሰው አፍጥጦ ያየኛል።

ፎቶው ያለው እሱ ውስጥ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ገዳሙ ፎቶ መነሣት አይወድም ነበር፤ ካሜራ ሲያይ ጋቢውን ወደ ፊቱ ይስባል። ለጥምቀት እህቴ እስከዳር ከባሕር ዳር ካሜራ ይዛ መጥታ ሳያስበው አነሣችው። ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጥነውና ካሜራዋ ውስጥ ያለውን አጥፍታ ተመለሰች። ባለቤቱ እትዬ ሥራነሽ ከዚያች በቀር የባሏ መልክ የላትም። አሳጥቤ ለአርባው ላደርስላት ቃል ገብቻለሁ።

ቃል ባልገባም ውለታ አለብኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ስቀመጥ ሰው ሁሉ «ይኼ ልጅ ቁጭ ብሎ ምን ያልማል?» ሲል፣ እሱ ብቻ አጥሩን ተደግፎ «ዛሬስ ምን አየህ?» ይለኝ ነበር። ጠይቆኝም አይሄድም፤ መልሱን ቆሞ ይሰማል። ደመና ነው ያየሁት ብለው እንኳ «የት በኩል?» ይላል።

እናቴ ፊቴን አየችና «ዓይን ነው» አለች።

«የምን ዓይን?»

«በሰፈሩ ኮምፒውተር ያለው ሌላ ማን ነው? አባን ልጥራቸው።»

«እማዬ፣ አባ ትናንት መጥተው የለም እንዴ?»

«ትናንት ሚካኤል ስለሆነ ነው የመጡት። ዛሬ ለሱ ብለው ይምጡለት።» ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ኮምፒውተር ያስተማረን መምህር ዘመነ ደጋግሞ የሚላት ነገር ነበረችው፤ ማሽን አልነሣ ሲል የተንጠለጠለበትን ሁሉ አውርድለት፣ ከዚያ አንድ በአንድ መልስለት። ፕሪንተሩን ነቀልኩ፤ ያው። ፍላሹን ነቀልኩ፤ ያው። ክዳኑን ፈትቼ አቧራውን እፍ አልኩ፤ ሚሞሪውን አውጥቼ ጥርሱን በላጲስ አሸት አሸት አድርጌ መለስኩት፤ ያው ነው።

እትዬ ሥራነሽ በዚህ መሃል ገባች። ወሬው ደርሷታል። ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«ጠፋ እንዴ?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«አልጠፋም እትዬ። መነሣት ነው እምቢ ያለው።»

«እንግዲህ አንተም አትጨነቅ» አለችኝ። እሷ ናት እኔን የምታጽናና።

ወዲያው እናቴ የነፍስ አባታችንን አባ ፍቅረ ሥላሴን አስከትላ መጣች። የጠበል ጠርሙሳቸውን ይዘዋል።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ይኼን ደግሞ ሆዱን ቀደድከው?»

«አባ» አለች እናቴ፣ «ትናንት ጠበሉ በደንብ አልደረሰው ይሆናል እንጂ ዳንቴሉን እንኳ ገልጬለት ነበር።»

እጄ ባለበት ቀረ። «ምኑን ነው የገለጥሽው?»

«ዳንቴሉን ነዋ። ተሸፍኖ እንዴት በረከት ያገኛል? አባም ደህና አድርገው ረጩለት። አንተማ ዞር ዞር ልበል ብለህ ወጥተህ፣ መቼ ቤት ነበርክ?»

ኪቦርዱን አንሥቼ ገለበጥኩት። ከፊደላቱ መሃል ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ለካ ፍላሽና ሚሞሪ ስነካካ የዋልኩት የተንጠለጠለበትን ሁሉ ሳላወርድለት ነው፤ ኪቦርዱ ቀርቶ ነበር። ግን ለነፍስ አባት ጠበልዎ አበላሸው አይባልም። ኪቦርዱን በሸሚዜ ጫፍ አበስ አበስ አደረግኩ።

አባ ጠብታውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጠርሙሳቸውን ከደኑ።

«ወለተ ሰንበት» አሏት እናቴን በክርስትና ስሟ፣ «ጠበል ለሰው ነው። በይ አንቺም ዳንቴልሽን አልብሺው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የረጨሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ላግዝ?»

«ይኼን ፀሐይ ያስመቱልኝ አባ።»

ኪቦርዱን ነቅዬ ሰጠኋቸው። ታቅፈው ወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

ያለ ኪቦርድ አበራሁት። ምልክቱ ወጣ። ቆመ። ከዚያ ጥቁር ሆነ፣ ቀጠለ፣ ተነሣ። ለፎቶው ማውስ ብቻ ይበቃል፤ ከፈትኩት።

ጋሽ ገዳሙ ወደ ማን እንደሆነ እንጃ፣ ይስቃል። የሸሚዙ ኮሌታ አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ ነው። እትዬ ሥራነሽ ተነሥታ ስክሪኑ አጠገብ መጣች።

«ኮሌታህን አስተካክል ብዬህ አልነበር?» አለችው። «እንዲህ ሆነህ ነው ሰው ፊት የምትቀርብ?»

እናቴ ፊቷን አዞረች።

«እትዬ፣ ፎቶ ቤት ያሉት ልጆች ኮሌታውን ማቅናት ይችላሉ» አልኳት።

«አንድ ነገር እንዳታስነካ። አቅንተህ ካመጣኸው ሌላ ሰው ነው የምትሰጠኝ።» ከዚያ እጄን ይዛ ሳመችው። እኔ ልስማት ሲገባኝ ቀደመችኝ። «ስጠራው የት እንደማየው ጠፍቶብኝ ነበር፤ አንተ ልጅ ኑርልኝ» አለች።

ለእሷ ያደረግኩት የመሰላት ነገር ሁሉ፣ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ለሰማኝ ሰው ሳላደርስ የቀረሁት ምስጋና ነበር።

ፎቶውን ወደ ፍላሽ ገልብጬ ወደ ፎቶ ቤት ወጣሁ። አባ ኪቦርዱን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፀሐይዋን ይከተላሉ።

«ተነሣ?»

«ተነሣ አባ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ተመስገን» አሉና በሌላ ጎኑ ገለበጡት።