የነጂው ክዳን

1.

አልሰማችም።

ሃምሳ አለቃ ጓንጉል ይህን ካረጋገጠ በኋላ ነው ካርቶኑን ከቁም ሳጥኑ አናት ያወረደው። ሚስቱ የሺመቤት ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ልጃቸው ናሁሰናይ መሞቱን በዚህ በሆለታ ሰፈር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ጓንጉል፣ ሌላው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ድንበሩ። አሁን እናንተ ተጨመራችሁ። አደራ፣ አፋችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

3.

ቁጥሮቹ የኔ አይደሉም። ካርቶኑ ውስጥ ካለው የመኪና ሞዴል መመሪያ ወረቀት ላይ የመጡ ናቸው። ጓንጉል ያጣበቀውን ቁራጭ እየተከተልኩ ነው የማወራችሁ። የዘለልኩት ካለ ጎማ ነው፤ የጎማ ወሬ ደግሞ ማን ይሰማል!

4.

ካርቶኑ ውስጥ ያለው፦

ሬዚን ከሚባል ደረቅ ፕላስቲክ የተሠራች፣ ስንዝር የምታህል የብረት ለበስ መኪና ሞዴል፣ ሃያ ስምንት ቦታ ተቆራርጣ።

መመሪያ፣ አንድ ቅጠል።

በመመሪያው ጀርባ፣ በናሁ እጅ ጽሑፍ፦ «አባዬ፣ ያለኔ እንዳትከፍታት። ስመጣ አብረን እንሠራታለን።»

ሊዘምት ሲል ጽፎት ነው የሄደው፤ ጮክ ብሎም አንብቦላቸው ነበር፣ እናቱም ስቃለች። ናሁ ግንባር ላይ የሚነዳው ይቺኑ ዓይነት ነበር። አባቱም ይቺኑ ዓይነት ሃያ ሁለት ዓመት ጠግኗል።

ከፈታት።

7.

የበር ላይ ንግግር፣ እንደወረደ፦

ድንበሩ፦ አንተ ሰው፣ መርዶ ታቅፎ ስንት ቀን ይታደራል?

ጓንጉል፦ ይቺን ልጨርስና።

ድንበሩ፦ የቷን?

ጓንጉል፦ የልጄን መኪና።

ድንበሩ፦ (በበሩ አሾልቀው ጠረጴዛውን እያዩ) ይቺን?

ጓንጉል፦ ስጨርስ እልክብዎታለሁ። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ሰዉን ይዘው ይምጡ።

ድንበሩ፦ እግዚኦ! ይሁን እንግዲህ።

የሺመቤት ከኩሽና ብቅ አለችና «ጋሽ ድንበሩ፣ ይግቡ እንጂ» አለች። ጋሽ ድንበሩ ጫማቸውን እያዩ «ሌላ ጊዜ፣ ልጄ» ብለው ሄዱ። ስንት ቤት መርዶ ያረዱ ሰው ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን ደጁን አላለፉም።

11.

የመትረየሱ አፈሙዝ ጎብጧል። ሬዚን ሲቆይ እንዲህ ያደርገዋል። እናንተም እንዲህ ከገጠማችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ በጣታችሁ አቅኑት፣ ቶሎ ብላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሩት።

ሙቁን ውሃ ያመጣችለት የሺመቤት ናት።

«ዓይንህ ምን ሆነ?»

«ስሞርደው ብናኙ ገብቶብኝ ነው።»

«ታዲያ አትሸፋፈንም?»

ሻሿን ፈትታ ሰጠችው። የእሷስ ዓይን በምን ቀላ? አልጠየቃትም። ወይ ጓንጉል! ብረት እንጂ ሰው መመርመር መች ያውቅበታል።

19.

ሰነፈ።

አንዲት ጎማ ሦስት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ። የደረቀውን ቀለም አልደረቀም አለ። ያጣበቀውን ነቅሎ መልሶ አጣበቀ። የሺመቤት ሳታውቅ ባደረች ቁጥር ናሁ አንድ ቀን የሚጨመርለት ይመስለው ነበር። ማታ ሲተኙ «ለናሁ ብርድ ልብስ እንላክለት፣ ያ አገር ውርጭ ነው ይላሉ» ስትለው፣ «እንልካለን» ይላታል። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

27.

የመመሪያው የመጨረሻ ተራ እንዲህ ይላል፦

«28። የነጂው ክዳን። ክፍት ወይም ዝግ። ከማጣበቅህ በፊት ወስን።»

ጓንጉል ያንን ክዳን ከእውነተኛዋ መኪና ላይ ያውቀዋል። ማጠፊያው ይነክሳል፣ ክዳኑ አልከፈት ይላል። ሲነክስ ከውስጥ መክፈት ጉልበት ይፈልጋል፣ ጊዜም ይፈልጋል። ስንቱን በሞረድ ሞርዶ አላልቶታል። መርዶውን በስልክ የነገረው የናሁ ባልደረባ «መኪናዋ ነደደች፣ ናሁም አረፈ» ሲለው፣ ጓንጉል የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ክዳኑ ክፍት ነበር?» ያኛው አለቀሰ እንጂ አልመለሰለትም።

ጋሽ ድንበሩ ዘንድ ላከባቸው። «ነገ።»

ከዚያ 28ን ሊያነሳ እጁን ሰደደ።

የለም።

ጠረጴዛው ሥር። ምንጣፉ ሥር። የሱሪው እጥፋት ውስጥ። የካርቶኑ ጥግ።

የለም።

የለም።

ሊነጋጋ ሲል የሺመቤት ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

ጓንጉል አያት። ነጠላውን አየ። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«የናሁ አባት» አለችው፤ የመቀነቷን ጫፍ እየፈታች። «የጠፋህ ይሄ ነው?»

ጥፍር የምታህል ክዳን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«መቼ ወሰድሽው?»

«ካርቶኑን የከፈትክ ዕለት። ጓሮ ሆኜ የካርቶኑ ፕላስተር ሲቀደድ ሰማሁ። ያለኔ እንዳትከፍታት ብሎህ አልነበር? አንተ የልጅህን ቃል የምታፈርስ ሰው አይደለህም። የሚመጣ ቢሆን አትከፍታትም ነበር። መርዶዬን ያን ጊዜ ሰማሁ።»

«ታዲያ ሃያ ቀን ሙሉ… ብርድ ልብሱስ?»

«በር ላይ የተባባላችሁትንም፣ ትናንት የላክህባቸውንም ሰምቻለሁ። ይቺን ካልጨረስክ እነ ጋሽ ድንበሩ አይመጡም። ባይመጡብኝ ብዬ ነው፣ ጓንጉል። ትንሽ ባይመጡብኝ ብዬ።»

አንድ ቤት ውስጥ ተደባብቀው ሲያለቅሱ ከርመዋል ለካ! እኔ ራሴ ገና አሁን ነው የገባኝ።

ደጅ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። ኩታ ለብሰው ነው የሚመጡት፣ ሳይነጋገሩ።

የሺመቤት አጠገቡ ተቀመጠች። ጣቷን ሞዴሏ ላይ፣ ነጂው በሚቀመጥበት ክፍት ቀዳዳ ላይ አሳረፈች።

«መኪናዋን ታውቃታለህ» አለችው። «ልጄ ያረፈው ወጥቶ ነው ወይስ እውስጥ እንዳለ? እነሱ ሳይገቡ አንተ ንገረኝ። ከሌላ ሰው አልሰማም።»

የግቢው በር ተንኳኳ።

ጓንጉል ክዳኑን በወረንጦ አነሳ። ሙጫ ቀባው። ይህ ሙጫ በአሥር ሰከንድ ይይዛል፤ ከያዘ ወዲያ አይነቀልም።

28.

የነጂው ክዳን፦