በዋርሳ አፍ

ልብስ ሰፊዋ ከአስተርጓሚው ጎን የተቀመጠችው ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው። አስተርጓሚው ዋርሳዋ ነው፤ የባሏ ታላቅ ወንድም። የሰፈሩ ስደተኛ ሁሉ ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ትምህርት ቤት ሲጠራ በእሱ አፍ ነው የሚናገረው። አፉ ደግሞ የሰማውን ብቻ ማቀበል አይሆንለትም፤ ትንሽ ማሳመር ይወዳል።

ስለ ስደተኞች ኑሮ የምታጠናው ሴት የድምፅ መቅጃዋን ከጨርቅ ቁርጥራጩ መሃል አስቀምጣ፣ ከአገር ለመውጣት የወሰነው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ አላመነታችም። ወስና ልጆቿን ይዛ የወጣችው እሷ መሆኗን፣ ባሏ «እስቲ ይቆይ» ሲል ከርሞ፣ እሷ ሥራ ከያዘች በኋላ ያስመጣችው መሆኑን አንድ በአንድ ተናገረች።

ዋርሳዋ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ባሏ ቀድሞ መንገዱን እንዳበጀ፣ እሷም እያለቀሰች እንደተከተለችው አድርጎ ተረጎመው። አጥኚዋም ራሷን እየነቀነቀች ጻፈች።

ሰውየው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ እሱ ባለበት በአገሬው ቋንቋ ተናግራ ስለማታውቅ፣ አትሰማም ብሎ ደምድሟል። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ስትለካ፣ «ወገቡን ጠበብ፣ እጁን አጠር» ስትባል የምትውል ሴት እንዴት አትሰማም? ዝም የምትለው በባሏ ዘመዶች ፊት ቀድሞ አፍ መክፈት ነውር ነው ተብላ ስላደገች ነው።

ደሟ ፈላ። ይሉኝታዋን ወዲያ ብላ፣ በተሰባበረው የአገሬው ቋንቋ «እሱ ያለውን አላልኩም። የወሰንኩት እኔ ነኝ» አለቻት።

አጥኚዋ የጻፈችውን ሰረዘች። ዋርሳዋ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ።

«ወንድሜን በባዕድ ፊት ታዋርጂዋለሽ?» አላት፣ በገዛ ቋንቋቸው። «ባልሽ አይደል? እሱ ነው ቢባል ምን ይጎድልብሻል?»

«እሱን አከብረዋለሁ። ልጅ አዝዬ ያለፍኩበትን መንገድ ግን ለማንም አልሰጥም።»

ያለ እሱ የትም እንደማትደርስ እርግጠኛ ስለነበር ኮቱን አንስቶ ተነሳ። እሷም ተነስታ በሩ ላይ ቆመችበት።

«ጋሼ፣ ይቀመጡና ያድምጡኝ» አለችው። «እስከ ዛሬ ስለ እኔ ሲያወሩ ኖሩ እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም።»