የአማት ወስፌ

ጎሚስታው ከማል በፒንሳ ሲታገለው የቆየውን ብረት ከጎማው ነቅሎ ወደ ብርሃን ከፍ ሊያደርገው ሲል፣ ይሻው ከእጁ ላይ ቀማውና ኪሱ ከተተው።

“ሚስማር ነው” አለ ጮክ ብሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ከማል አፉን ከፍቶ ቀረ። በደብረ ታቦር አስፋልት ዳር ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ሚስማር ምን እንደሚመስል ያውቃል። ያወጣው ነገር ሚስማር አልነበረም። ይሻው በዓይኑ ጠቀሰው፤ ቀጥሎም በአገጩ ወደ ኋላ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ወደተቀመጡት አሮጊት አመለከተው። ከማል የባሰ ግራ ገባው። ጎማውን እያንከባለለ ወደ ውሃ ገንዳው ሄደ።

አሮጊቷ የይሻው አማት፣ እማማ ፈንታነሽ ናቸው። ኪሱ የገባችው ብረትም የእሳቸው ወስፌ ናት። አንገቷ ላይ ቀይ ክር ስለተጠመጠመባት አይስታትም፤ ስፌት ሲሰፉባት ስንት ጊዜ አይቷል። ጠዋት ሊሳፈሩ ሲሉ ጓዛቸውን ከመኪናው ኋላ መሬት ላይ አስቀምጠው ነበር፤ ያኔ ወድቃ ኖሯል። ይሻው ወደ ኋላ ሲወጣ ሄደባት፤ እጀታዋ ተሰብሮ ቀረ፣ ብረቷ ጎማው ውስጥ ገባች።

ሌላ ሰው ቢሆን፣ “ይኸውልዎ፣ የእርስዎ ወስፌ ናት ጉድ የሠራችን” ብሎ ስቆ ያልፍ ነበር። አማት ግን አማት ናት! በዚያ ላይ እማማ ፈንታነሽን የሚያውቅ ያውቃቸዋል። ይሻው ሽማግሌ ልኮ ብርቱካንን ሲያስጠይቅ፣ “ለሹፌር? ውሎው መንገድ፣ አዳሩ መንገድ! ልጄን ለመንገድ አልድርም!” ብለው ሽማግሌዎቹን ደጋግመው የመለሱ ሴት ናቸው። በኋላ እሺ አሉ። ልጆች ተወለዱ፣ ዓመታት አለፉ፤ በይሻው መኪና ግን አንድም ቀን ተሳፍረው አያውቁም። ከጉና ሥር ካለው መንደራቸው ሲመጡ በበቅሎ፣ ሲመለሱም በበቅሎ ነበር። በቅሎዋ ስትሞት በእግራቸው መጡ። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ጊዜ ነው ብርቱካን ለምና፣ አልቅሳ፣ “ወንዛዬ ፍል ውሃ አንድ ሳምንት ከተነከርሽ ይለቅሻል እማዬ” ብላ ያሳመነቻቸው። ይሻው ደስ ብሎት ትናንት ቀኑን ሙሉ ያቺን አሮጌ ዲኤክስ መኪናውን ሲያጥብና ሲወለውል ዋለ።

እና ዛሬ፣ ገና ከከተማው ሳይወጡ፣ ጎማው ፍስስ አለ። በምትኩ የገጠመው ትርፍ ጎማ፣ ስኮርታው፣ መላጣ ነው፤ ከጎሚስታ ቤት በላይ አያደርስም፤ እስከዚያው ግን አድርሷቸዋል። አሁን ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳፈሩበት ቀን “ጥፋቱ የእርስዎ ነው” ይበላቸው? ምላሱ ይቆረጥ!

የውሸት ክፋቷ ብቻዋን አለመኖሯ ነው፤ ጓደኛ ትፈልጋለች።

“አንዲት ሚስማር ናት ይህን የሚያህል መኪና ያቆመችው?” አሉ እማማ ፈንታነሽ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው።

“እሱማ… ጎማው አርጅቶ ነው እንጂ፣ እማማ።” ይሻው ያለውን ያወቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

“አርጅቶ?”

“ማለቴ፣ ትንሽ…”

“እንዳረጀ እያወቅህ ነው እኔን የጫንከኝ?”

ይሄኔ አያ ኢድሪስ ከጎን ጥልቅ አለ። ኢድሪስ ያረጀ ጎማ እየቆረጠ በረባሶ ጫማ የሚሠራ፣ ከከማል ጋር አንድ ቆርቆሮ የሚጋራ ሰው ነው። እሱን ከጠየቁት በዚህ ከተማ ውስጥ መቀየር የሌለበት ጎማ የለም።

“እኔም ሳየው አልቋል ብያለሁ!” አለ ቢላዋውን ወደ ጎማው እየቀሰረ። “ቀይረው ወንድሜ፣ ነፍስ ትበልጣለች። ስለ አሮጌው ደግሞ አትቸገር፣ እኔ አነሳልሃለሁ።”

“አንተ ደግሞ፣ ኢድሪስ! ሰው የጫነበትን ጎማ ሳይቀር ጫማ አድርገህ ነው የምታየው” አለ ከማል። ወደ እማማ ፈንታነሽ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እናቴ፣ አይስሙት። ይሄ ጎማ ጥርሱ ገና አላለቀም። ቀዳዳዋ የመርፌ ዓይን አታህልም። ከውስጥ ልለጥፍልዎት፣ ክረምቱን ካልወጣ እኔን ይጠይቁኝ።”

“ደግ ብለሃል፣ ልጄ። ግን አንተ ደህና ነው ትላለህ፣ ባለቤቱ አርጅቷል ይላል። ማንን ልመን? በቅሎ ልገዛ ገበያ ወጥቼ እንኳ፣ ባለቤቷ አርጅታለች ካለኝ ዞር ብዬም አላያት። ባለቤት ያማውን ማን ያመሰግነዋል?”

ከማል ይሻውን ክንዱን ይዞ ወደ መኪናው ጀርባ ወሰደው።

“ወስፌ ነው እኮ ያወጣሁት!”

“ቀስ በል! የሳቸው ናት።”

“ታዲያስ?”

“ታዲያስ ትለኛለህ? አማቴ ናቸው!”

ከማል ሳቁን ለማፈን አፉን በክርኑ ሸፈነ። “ወላሂ፣ እኔም አማት አለችኝ፤ ገብቶኛል። ግን ለዚህ ብለህ ደህና ጎማ ልትጥል ነው?”

“ከጎማ ሻጩ ከዳኛቸው ሱቅ አዲስ ላውጣና ግጠምልኝ።”

“ዛሬ ጎማ በስንት እንደሆነ ሰምተሃል?”

ሰምቷል። የአንድ ጎማ ዋጋ ወይፈን ይገዛል። ጎማውን ከገዛ ለወንዛዬ ቤት ኪራይና ለሳምንቱ ቀለብ የያዘው ብር እዚሁ ያልቃል። ቀይሮ ወዴት ሊወስዳቸው? ለጥፎ ደግሞ ማን ሊሳፈርለት? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የሱ ግን ጭራሽ ተቋጥሮበት አረፈ።

ሲመለሱ እማማ ፈንታነሽ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል።

“አያ ኢድሪስ፣ እባክህ ባጃጅ ጥራልኝ። ወደ ልጄ ቤት ልመለስ። ነገ በጠዋት አገሬ እገባለሁ።”

“ጉልበትዎስ እማማ?” አለ ይሻው።

“ጉልበቴን ለምጄዋለሁ። አብረን አርጅተናል።”

ኢድሪስ እንዲህ ይሆናል ብሎ አላሰበም ነበር፤ ደንግጦ ስልኩን አወጣና የሚያውቀው ባለ ባጃጅ ዘንድ ደወለ። ይሻው ሴትዮዋን ያውቃቸዋል። ዛሬ ከዚህ ከተመለሱ ሁለተኛ መኪናውን አይረግጡም፤ “ብዬ ነበር” ይላሉ፣ እስከ መቃብር “ብዬ ነበር” እንዳሉ ይኖራሉ። ጉልበታቸውም እንዲሁ እንደታመመ ይቀራል።

እጃቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅምና፣ ባጃጁ እስኪመጣ ስፌታቸውን ሊሰፉ ጨርቁን ፈቱት። አክርማውን አነሱ፣ ስንደዶውን አገላበጡ፣ ጨርቁን አራገፉ።

“ወስፌዬ የት ገባች?” ትንሽ አሰቡና ፊታቸው ተኮሳተረ። “ያቺ ቀልቃላ ልጃችሁ ናት! ትናንት ስትጎረጉራት ነበር። እስኪ ለብርቱካን ደውልልኝ።”

ይሻው የባሰው መጣ አለ በሆዱ። ደውሎ ስልኩን ሰጣቸው። እሳቸው ስልክ ከጆሯቸው አርቀው ይዘው ነው የሚጮሁበት፤ ድምፁ ለሁሉም ይሰማል።

“ብርቱካን! ልጅሽ ወስፌዬን ወስዳብኛለች፤ ጠይቂልኝ!”

“ማስተዋል! ነይ ወዲህ! የአያትሽን ወስፌ የት አደረግሻት?”

“አልነካሁም!” አለች የልጅቷ ድምፅ ከሩቅ።

“አትዋሺ! ውሸት አልወድም ብዬሻለሁ!”

“እማዬ ሙች አልነካሁም!” ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ንፋጯን ወደ ውስጥ እየሳበች፣ ትንፋሽ እያጠራት ነው የምታለቅሰው፤ እውነተኛ ለቅሶ።

ይሻው ከዚህ በላይ አልቻለም። ኪሱ ገብቶ ወስፌዋን አወጣ፤ በሁለት እጁ ይዞ አማቱ ፊት ጎንበስ አለ።

“እማማ፣ ልጄን አይቆጡብኝ። ወስፌዎት ይህችውና።”

እማማ ፈንታነሽ ወስፌዋን አዩ፤ ቀይ ክሩን አዩ፤ እጀታዋ የተሰበረበትን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ።

“የት አገኘሃት?”

“ከጎማው ነው የወጣችው። ጠዋት ወድቃ ነው፣ ስወጣ ሄድኩባት። ሚስማር ያልኩት ዋሽቼ ነው። አርጅቷል ያልኩትም ውሸት ነው፤ ጎማው ምንም አልሆነም።”

በስልኩ ውስጥ ልጅቷ አሁንም ታለቅሳለች።

እማማ ፈንታነሽ መጀመሪያ ወደ ስልኩ ጮሁ። “ብርቱካን! ልጅቷን ተያት! እኔው ነኝ የጣልኳት። አያትሽ ይቅርታ ትላለች በያት። በጉንጯም ሳሚልኝ!” ስልኩን መለሱና ይሻውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። “ለምን ዋሸኸኝ?”

“ፈርቼ ነዋ። በመጀመሪያ ቀንዎ ጥፋቱ የእርስዎ ነው ብል፣ ሁለተኛ ደጄን የሚረግጡ አልመሰለኝም።”

“እና እኔን ላለማማት ጎማህን አማኸው?”

“ምን ላድርግ፣ እማማ። ጎማ አይቀየምም።”

የእማማ ፈንታነሽ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይሻው አለቀሱ ብሎ ክው አለ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር፤ ሳቁ ግን በነጠላ የሚያዝ አልሆነም፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከማል ቀድሞውንም አፍኖት የቆየውን ለቀቀው። ይሻው ሚስቱን ካገባ ጀምሮ የአማቱን ሳቅ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የብርቱካንን ሳቅ ይመስላል።

“አይ የኔ ነገር!” አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። “በገዛ ወስፌዬ መንገዴን ዘግቼ ሰው እወቅሳለሁ። አንተስ ብትሆን፣ ምን የምታስፈራ አሮጊት ነኝ ብለህ ነው?”

“በጣም ነው የሚያስፈሩት፣ እማማ።”

“እሱስ ደግ ነው” አሉና እንደገና ሳቁ።

ከማል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀረበ። “እሺ፣ አሁን ፍረዱ። ልለጥፈው ወይስ ይቀየራል?”

ሁሉም ወደ እማማ ፈንታነሽ ዞሩ፤ ኢድሪስም ተስፋ ሳይቆርጥ ዞረ።

“እኔን ምን ታዩኛላችሁ? እኔ የማውቀው የበቅሎ ሰኮና ነው። ጎማ የሚያውቅ እሱ። እሱ የሚለውን አድርጉ።”

ይሻው ጎንበስ ብሎ ጎማውን ዙሪያውን አዟዟረው። ጥርሱን በአውራ ጣቱ ለካ፤ ጎኑን ዳበሰ፤ በቡጢ መታ መታ አደረገና ድምፁን አዳመጠ። ከማል ደህና ነው ስላለ ብቻ አላመነም፣ ኢድሪስ አልቋል ስላለም አልተጠራጠረ። የሚጭንበት እናት ነው። እንደገና አንድ ዙር አዞረው።

“ለጥፈው” አለ ቀና ብሎ።

ባጃጁ የደረሰው ይሄኔ ነው። ባለ ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋና በመጋረጃው በኩል አንገቱን አወጣ። “አሮጊቷ የት ናቸው? ማንን ነው የምወስደው?”

እማማ ፈንታነሽ በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ በተሰበረችው ወስፌ ላይ ጨርቅ እየጠመጠሙ እጀታ ሊያበጁላት ጀመሩ።

“ሂድ ልጄ፣ ተቸገርህ” አሉት። “እኔ መኪና አለኝ።”